መቶ አሥራ ሰባተኛዋ ልጅ

ጥር 13፣ ረቡዕ

ጥምቀት አለፈ፣ ሥራ ገባን። ይህን ደብተር የሰጠኝ ጥናቱ ነው፤ የቀን ውሎ ይመዘገብበታል ተብሎ። ውሎውን በኮምፒውተር ስለምልክ ደብተሩ ባዶውን ተቀመጠ። ባዶ ነገር ደግሞ ያናድደኛል፣ ከእህል በረንዳ ነጋዴ ቤት ስለወጣሁ ይሆናል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሱቁ ውስጥ ክፍት ቦታ ካየ ምሳው አይበላለትም ነበር። ስለዚህ የራሴን ልጽፍበት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ዶክተር ሀብተወልድ ጤነኛ ልጆች ይፈልጋሉ። ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት፣ ሁለት መቶ አርባ ልጆች። ኢንሱሊን፣ ሌፕቲን፣ ሌሎችም ሰውነት የበላውን ወደ ጉልበትና ወደ ስብ የሚቀይርባቸው ሆርሞኖች በጤነኛ ልጅ ደም ውስጥ ስንት ስንት እንደሆኑ ለመለካት ነው። እኔ ጋ እስካሁን ያለው ሰንጠረዥ የፈረንጅ ልጆች ነው። ሃያ ዓመት ላብራቶሪ ስሠራ በዚያ ሰንጠረዥ እየለካሁ ስንቱን የመርካቶ ልጅ "ከመደበኛው ውጪ" ብዬ ጽፌበታለሁ። የማን መደበኛ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

በሽተኛ ስመረምር ኖሬ፣ ጤነኛ መፈለግ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ጤና ጣቢያው በር ላይ የለጠፍነውን ማስታወቂያ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ አንብባ፣ "ልጄ ካልታመመ ምን ልታደርጊው ትወጊዋለሽ?" አለችኝ።

"የጤነኛው ካልታወቀ የታመመው በምን ይለያል?" አልኳት።

"በፊቱ ነዋ" ብላ ሄደች።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዘጠኝ ልጆች። ሁለቱን መለስኳቸው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምሱ ተብለው ቁርስ በልተው መጡ። አንዱ ዳቦ ምግብ አይደለም ብሎ ተከራከረኝ። የአህያ ጆሮ የሚያህል አምባሻ ነው የበላው፣ ፍርፋሪው ሹራቡ ላይ አለ።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች ውጤት መጥቷል። ቁጥሮቹን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ለሰው ብናገረው ይስቅብኛል። የትንንሾቹ ኢንሱሊን ዝቅ ያለ ነው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሲሞላቸው ይወጣል፤ ጉርምስናው ሲያልፍ መልሶ ይረጋል። ሌፕቲን ሴቶቹ ላይ ከወንዶቹ ይበልጣል። ልጅቷ ገና መስታወት ፊት መቆም ሳትጀምር ደሟ ተለውጧል። ከዚህ ሁሉ ትርምስ፣ ከዚህ ሁሉ ጩኸትና ጭነት መሀል የሚነሡ ልጆች ደማቸው እንዲህ ሥርዓት ይዞ መሄዱ ይገርመኛል።

ጥር 25፣ ሰኞ

ችግሩ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ያሉት ሴቶች ናቸው። ሃያ ያስፈልጉኛል፤ ያሉኝ አሥራ ስድስት ናቸው። በዚያ ዕድሜ መርፌ ያስፈራል፣ ሚዛን ላይ መውጣት ያሳፍራል። ዶክተር በየቀኑ ይደውላሉ። የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ረመዳን ይይዛል። ልጆቹ መጾም ከጀመሩ ሆርሞናቸው ይለዋወጣል፤ የምንለካው የዘወትሩን ስለሆነ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። የመጨረሻው ጭነት የሚሄደው ዓርብ ጥር 29 ነው።

ረፋድ ላይ አንዋር መስጊድ ጀርባ ሪሃና ሱቅ ሄድኩ። ሪሃና ቅመም በጅምላ ትሸጣለች። አብረን አድገናል፤ ልጆቻችንም ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ የኔ ጸሎት እና የሷ ሀፍሷ። ሁለቱም አሥራ ሦስት ናቸው።

"ሁለቱንም ውሰጃቸው። ያንቺ እጅ ከሆነ ምን አስፈራኝ" አለችና የስምምነት ፎርሙን ሳታነብ ፈረመች።

"አንብቢው እንጂ፣ ሪሃና።"

"አንቺ አንብበሽው የለም እንዴ?"

ሀፍሷ የኮረሪማው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትልቁን የውሃ ፕላስቲክ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። "ይቺ ልጅ ግመል ሆናልኛለች" አለች እናቷ እየሳቀች። የጥር ፀሐይ ነው። ቀጠን ብላለች ደግሞ፤ ልጆች ቁመት ሲጨምሩ እንዲህ ነው።

ጥር 28፣ ሐሙስ

በሩጫ ነው የምጽፈው። የጎደሉኝ አራት ሴቶች ሁሉም መጡ። ጸሎት ኮዷ 116፣ ሀፍሷ 117፤ ኮዱ ለየዕድሜው ቀድሞ የተመደበ ነው። ሀፍሷ ተራዋ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄደች፤ ፍርሃት ነው። ስትወጋ ግን ክንዷን አላንቀሳቀሰችም። "አላመመኝም፣ እትዬ ጽጌ" አለችኝ። ሃያ ሞላ። ለዶክተር ደወልኩ።

ጥር 28፣ ምሽት

አልሞላም።

ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን ውስጥ ቱቦዎቹ ትይዩ ትይዩ ሆነው፣ ክብደታቸው ተመጣጥኖ ነው የሚገቡት። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔ የመጨረሻውን ቱቦ ትይዩ ሳላደርግለት ክዳኑን ዘጋሁ። ስልክ እያወራሁ ነበር፣ "ሞላ ዶክተር" እያልኩ። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። 117 ተሰብሮ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ጠረግሁት፣ በበረኪና አጠብኩት።

ሪሃና ጋ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። የልጅሽን ደም ደፋሁት ተብሎ እንዴት ይነገራል? አስቀመጥኩት። ጠዋት እደውላለሁ።

ጥር 29፣ ዓርብ

ሁለት ሰዓት ተኩል። ደወልኩ፣ አታነሳም። ሦስት ሰዓት። አታነሳም። ሱቋ ሰው ላክሁ፤ ዕቃ ልታራግፍ መጋዘን ሄዳለች፣ ሀፍሷ ቤት ተኝታለች። መኪናው አምስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የጁምዓ ሰጋጅ መንገዱን ሁሉ ስለሚሞላው እስከ ስምንት ሰዓት መውጫ የለም። ዶክተር ደወሉ። "ሃያዎቹን ዛሬ ትልኪልኛለሽ አይደል?" "አዎ።"

ጥር 29፣ ምሽት

መርካቶ ውስጥ "የለም" የሚል ሰው ነጋዴ አይባልም። አሥራ ሁለት ጆንያ ተጠይቆ አሥራ አንድ ያለው ሰው፣ "ቆይ ከውስጥ ላውጣልህ" ይልና በጓሮ በኩል ከጎረቤቱ አንዱን ያመጣል። ጎረቤቱም ነገ ሲጎድለው እንዲሁ ያደርጋል። ጤፉ ያው ጤፍ ነው። አባቴ ሲያደርገው ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ አንድም ገዢ ተመልሶ መጥቶ አልጮኸበትም።

ትምህርታቸው የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጸሎት አብራኝ ነበረች። ቁርስም አልበላችም፤ ሀፍሷ ድጋሚ ስትወጋ ባዶ ሆዴን አጅባታለሁ ብላ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ "እስቲ ሌላኛውን ክንድሽን" አልኳት።

"ትናንት ሰጠሁ እኮ፣ እማዬ።"

"መጠባበቂያ ነው።"

117 የሚለውን ለጠፍኩበት። ዕድሜያቸው አንድ ነው። ሰፈራቸው አንድ ነው። ጸሎት ምሳዋን ከሪሃና ቤት የምትበላበት ቀን ከእኔ ቤት ከምትበላበት ይበልጣል። ከሁለት መቶ አርባው ውስጥ አንድ ቱቦ ምንም አያነሣም፣ ምንም አይጥልም። መኪናው በሰዓቱ ሄደ።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ደህና ተኛሁ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ጸሎት ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ። "የሀፍሷን ቁጥር ለምንድነው የኔ ደም ላይ የለጠፍሽው?"

ቁጥራቸውን እርስ በርስ ተያይተው ኖሯል። እኔ ደግሞ ልጅ ምን ያያል ብዬ።

"የሥራ ነገር ነው" አልኳት። "ለሀፍሷም ቢሆን እንዳትነግሪያት።"

"እሺ" አለች። እሺ ስትል እንዲህ ቶሎ ብላ አታውቅም። ልጄን እንድትደብቅ ያስተማርኳት የመጀመሪያው ቀን ነው።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ውጤቱ መጣ። 116፦ ስኳር 86፣ ኢንሱሊን 12.4፣ ሌፕቲን 9.1። 117፦ ስኳር 86፣ ኢንሱሊን 12.6፣ ሌፕቲን 9.0።

ዶክተር ሀብተወልድ ደወሉ። "ጽጌሬዳ፣ እነዚህ ሁለቱ መንታ ናቸው እንዴ?"

"ጎረቤታሞች ናቸው፣ ዶክተር። አብረው ነው የሚውሉት።"

"ጎረቤት ሌፕቲንም ይዋዋሳል በይኛ" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ትንሽ ሳቅሁ።

ለየቤተሰቡ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣል፤ ሁሉም ቁጥር በጤናማው ክልል ውስጥ ነው የሚል። የ117ን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልሰጠውም። ከጠየቀችኝ ጠፋ እላለሁ፣ ወረቀት ይጠፋል።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ሪሃና መጣች፤ ለማፍጠሪያ የገዛችው ቴምር በላስቲክ ተንጠልጥሎ። ሁለተኛ ጾሟ ነው።

"የጸሎት ደርሶ የሀፍሷ የት ገባ? ወላሂ ቸኩዬ ነው። ዘንድሮ ወሩን ሙሉ ካልጾምኩ ብላ ያዘችኝ። አምና ግማሹን ነው የጾመችው። ግን ከስታብኛለች፤ ከታመመች ግዴታም የለባትም። እስቲ ወረቀቱን ልየውና።"

ጠፋ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጄ መሳቢያውን ከፈተ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ጠፋ ብላት ድጋሚ ይወሰድላት ትላለች፣ ድጋሚ ሲወሰድ ቁጥሩ ይለያይና ዶክተር ያያሉ። ይህን ሁሉ በአንዴ አሰብኩት ማለት ነው።

አገላብጣ አየችው። "ምን ይላል?"

"ደህና ነው ይላል።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ወረቀቱ ደህና ነው የሚለው" አልኳት። ወረቀቱ የሚለውን ነው የነገርኳት፤ የጨመርኩት ነገር የለም።

"አልሐምዱሊላህ" ብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቴምር ዘግና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ጸሎት እራት ላይ፣ ሀፍሷ ክፍል ውስጥ ትተኛለች አለች። በየክፍለ ጊዜው ሽንት ቤት ትጠይቃለች፤ መምህሩ ትምህርት ጠልታ ነው ብሎ ዛሬ ከለከላት፣ አለቀሰች።

"ጾሙ አድክሟት ነው" አልኳት።

"ውሃ የማይጠጣ ሰው ሽንቱ ከየት ይመጣል?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ሰሃኑን አነሣሁ።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

በሰበብ አዘገየሁት እንጂ ከባድ ነገር አይደለም። ትንሿን የስኳር መለኪያ ይዤ ሱቅ ብቅ እላለሁ፣ የሀፍሷን ጣት ወጋ አደርጋለሁ፣ ደህና ትሆናለች፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደህና ባትሆንስ ያኔ ይታሰብበታል። ከተሰበረው ቱቦ ላይ አንዲት ጠብታ ብለካ ኖሮ ይበቃ ነበር። በበረኪና ነው ያጠብኩት።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ሀፍሷ የኮረሪማው ጆንያ ላይ ነበረች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቀሚሷን ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ አጥፋ ይዛዋለች። "እትዬ ጽጌ" ብላ ልትነሣ ስትል እጇን ጆንያው ላይ ተደገፈች።

"አዲስ መለኪያ ተሰጥቶን በሰው ልሞክረው ብዬ ነው" አልኩ። ውሸት እየቀለለኝ ነው የመጣው።

ሪሃና ደንበኛ እያስተናገደች ነበር። "ደም ማውጣት ጾሟን ያበላሽባት እንደሆነ አላውቅም፣ ጽጌ። ሼኹንም አልጠየቅኩ፣ እሷም ትናደዳለች፣ አንድም አላፈረሰችም እስካሁን። ከመግሪብ በኋላ ቤት ነይና ሞክሪባት። ሾርባም ትጠጪያለሽ።" ከዚያ ደግሞ ፈጠን ብላ፣ "ውይ፣ አንቺም ጾም ነሽ ለካ፤ ላንቺ ያለ ሥጋ እሠራለሁ" አለችኝ።

ደስ አለኝ ብል ነውር ነው። ቀለለኝ ግን። መለኪያውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ እየተጣደፍኩ ወጣሁ።

ከመግሪብ በኋላ አልሄድኩም። ዝናብ ጣለ። ብዙ አልጣለም።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ነገ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ጁምዓ ነው፣ መንገዱ ሞልቷል። ነገ ከሥራ ስወጣ።

የካቲት 29፣ እሑድ

ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ሮጣ መጣች። ሀፍሷ ሲያስመልሳት አድሮ ክሊኒክ ወስደዋታል። ነጠላዬን እንኳ አላጣፋሁም።

አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ናት። ጾሙ ጨጓራዋን ነክቶት ነው፣ ፈሳሽም አልቆባታል ብለዋቸው ነበር። ጤና መኮንኑ ስኳር እንዳይሆን ብሎ ሊለካ ሲል ሪሃና ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችለት። ማኅተም አለው፣ ቀኑ ቅርብ ነው፣ ስኳርም ኢንሱሊንም ተጽፎበታል። አንብቦ ተወው። ደከማት ብሎ ግሉኮስ ሰቀለላት።

በሩን እንዳለፍኩ ሽታው መታኝ። እያደረ የበሰበሰ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ነው፤ ስኳሩ ከልክ ያለፈ ሰው ትንፋሽ እንዲህ እንደሚሸት በሃያ ዓመት ሥራዬ አውቃለሁ። ትንፋሿ ከሆዷ እየተሳበ ይወጣል። መለኪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣቷን ወጋሁ። ቁጥር አልሰጠኝም። ከምለካው በላይ ነው ብሎ ጻፈ።

"ንቀለው" አልኩት። አልገባውም። ግሉኮሱን ራሴ ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ ታክሲው፣ ሆስፒታሉ፣ እንዴት እንደደረስን በቅጡ አላስታውስም። ሀፍሷ ጭኔ ላይ ነበረች፤ ክብደት የላትም። ስሟን ስጠራት አትሰማኝም።

የካቲት 30፣ ሰኞ

አልነቃችም። ስኳሯ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ቆሽቷ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል፤ ከእንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ በመርፌ ነው።

ኮሪደሩ ወንበር ላይ ከሪሃና ጋር ተቀምጠን ዋልን። እጄን ይዛ አትለቀውም። "አንቺ ባትደርሺ ልጄ ሞታ ነበር" ትለኛለች። ከዚያ ደግሞ፣ "ትጹም ያልኩት እኔ ነኝ። ስትከሳ እያየሁ። እናት ሆኜ" ትላለች። ባሏ ኸይረዲን ሁለት እጄን ይዞ፣ "አላህ ነው የላከሽ፣ ጽጌ" አለኝ። ሰው ሲመጣ ሁሉ እኔን እያሳዩ ያወራሉ።

ተቀመጥኩ። የሚቀርብልኝን ምስጋና ተቀበልኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ወጣት ነው። "ከአምስት ሳምንት በፊት ኢንሱሊኗ 12.6 ይላል። እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ አላየሁም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነሽ አሉኝ፤ ምን ትያለሽ?"

"አንዳንዴ ያጋጥማል" አልኩት። እኔ አይቼ አላውቅም።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ነቃች። መጀመሪያ "ውሃ" አለች። ቀጥላ "ስንት ቀን ጾም አመለጠኝ?" አለች። ሪሃና እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች። እኔ ወደ ደረጃው ሄጄ አለቀስኩ፣ ከደስታ ነው ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ እየተናገርኩ።

ቤት ስገባ ጸሎት በር ላይ ቆማ ነበር። "ነቃች" አልኳት። ፊቷ በራ። ወዲያው ደግሞ፣ "ነገርሻቸው?" አለችኝ።

"ነገ።"

"ነገ ነው ሁሌ የምትዪው" አለችና ገባች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ጠዋት ሆስፒታል ስደርስ ሪሃናና ኸይረዲን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበሩ። አላዩኝም። ኸይረዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ጮክ ቢል ይሻል ነበር።

"ሱቁን እንጂ ልጅሽን መቼ ታያለሽ። እናቴ ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ፤ ሕፃን ልጅ በረሃብ ልትገድል አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?"

ሪሃና አልመለሰችለትም። ሪሃናን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አንድ ቃል ሳትመልስ የምታልፍ ሴት አይደለችም። የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ወለሉን ታያለች። ጥፋተኛ ነኝ ብላ ስላመነች ነው ዝም ያለችው።

ኸይረዲን ወደ ፋርማሲ ሲወርድ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ልትይዝ ስትል ሳብኩት።

"ወረቀቱ ላይ ያለው ደም የሀፍሷ አይደለም" አልኳት።

አየችኝ። ነገርኳት። ቱቦው እንዴት እንደተሰበረ፣ ጠዋት እንደደወልኩላት፣ መኪናው ሊሄድ እንደነበረ፣ የጸሎትን ሌላኛውን ክንድ። ስጀምር በዝርዝር አስረዳለሁ ብዬ ነበር፤ እየተናገርኩ ሳለሁ ዝርዝሩ ራሱ አሳፈረኝና አሳጠርኩት። "ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር" አልኳት። "ጾሙን ስትጠይቂኝ።"

አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች በፊታችን አልፋ ሄደች።

"ቱቦ ይሰበራል" አለች ሪሃና በመጨረሻ። "በሱቄም ስንት ነገር ይሰበራል። ብትነግሪኝ በነጋታው ይዣት እመጣ ነበር፣ እስቅብሽ ነበር።" ድምጿ አልተለወጠም። "አራት ቀን ሙሉ ልጄን ገደልኳት እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። እጄን ይዘሽ።"

"አዎ።"

"አባብለሽኛል እኮ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያልሽ።"

"አዎ።"

ተነሣች። ሻርፗን አስተካከለች። "ነይ" አለችኝ። "ኸይረዲን ፊት ድገሚው። እናቱም እዚያው ታች ናት።"

ደረጃውን ቀድማኝ ወረደች። እኔም ተከትያት ወርጄ፣ ፋርማሲው በር ላይ፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት። ኸይረዲን የያዘውን መድኃኒት ለእናቱ አቀብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቱ ምራቋን ወለሉ ላይ እንትፍ አለች። ሪሃና ቀና ብላ ቆማ ነበር።

ለወጣቱ ሐኪምም ነገርኩት። ከዚያ ዶክተር ሀብተወልድ ጋ ሄድኩ።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ትናንት መጻፍ ያቃተኝን ነው የምጽፈው። ዶክተር ሀብተወልድ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ።

"ስንቱን እንዲህ ሞልተሻል?"

"አንድ ነው፣ ዶክተር። እምላለሁ።"

"አንድ እንደሆነ አምንሻለሁ። ግን ማመን የኔ ሥራ አይደለም።" ኮምፒውተራቸውን አዞሩልኝ። በእኔ እጅ የተወሰደ ደም ሁሉ በቀይ ተቀልሟል፤ መቶ ስልሳ ሦስት ልጅ። "ይህ ሁሉ ይጣላል። ልጆቹ ድጋሚ ይወጋሉ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅ። ሐኪሞች በዚህ ቁጥር ልጅ ሊያክሙ ነበር፣ ጽጌሬዳ። ይህችን ልጅ ራሷን የጤነኞች ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብተሻታል።"

መታወቂያዬን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። የሙያ ፈቃዴን የሚያየው ኮሚቴ ከፋሲካ በፊት ይጠራኛል። ይቀሙኝ ይሆናል። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነው፤ ቢቀሙኝ ምን ሆኜ እንደምነሣ አላውቅም፣ ይህም ያስፈራኛል።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ሀፍሷ ከሆስፒታል ወጣች። ለሪሃና መልእክት ላክሁ። መርፌውን አለማማድሻለሁ፣ ኢንሱሊኑ ቀዝቃዛ ቦታ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ስኳሯ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ፣ ጠዋትና ማታ እመጣለሁ አልኩ። ማታ መለሰችልኝ፤ "ሌላ ሰው ላኪልኝ።"

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዷን፣ ጠንቃቃዋን፣ ለምኜ ላክሁላት።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ከእነሀፍሷ ቤት ጸሎት ትምጣ ተብሏል። ጸሎት ብቻ። እስከ ግቢው በር እሸኛታለሁ፣ ማዶ ካለው የጆንያ መጋዘን አጠገብ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ስትወጣ የምጠይቃትን እጠይቃታለሁ፤ በላች ወይ፣ ሳቀች ወይ፣ ስኳሯ ስንት ወጣ። "142" አለችኝ ዛሬ። "ትናንት ግን 95።" ሳላስበው በልቤ መዘገብኩት።

"ስለ እኔ ጠየቁ?"

"አልጠየቁም" አለችኝ፣ ዐይኗን ሳትሰብር።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ትናንት ዒድ ነበር። ዒድ በዐቢይ ጾም መሀል ሲውል ሪሃና ለእኛ ለብቻ ነው የምትሠራው፤ ምስር ሳምቡሳ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ሩዝ በአትክልት። በትልቁ ትሪ ተሸፍኖ ይመጣል፣ ሁለት ቀን እንበላለን። ትናንት አልመጣም። አይመጣም ብዬም ነበር።

ዛሬ ጸሎት ከእነሀፍሷ ቤት ስትወጣ በጨርቅ የታሰረ ሰሃን ይዛለች። መንገዱን ሙሉ ስለ ሀፍሷ እያወራች ነው የመጣችው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን በራሷ ወጋች፤ ሆዷ ላይ፣ ዐይኗን ሳትጨፍን፤ እናቷ ማየት አቅቷት ፊቷን አዞረች። ትምህርት ቤት ሰኞ ትመለሳለች። መምህሩ ሽንት ቤት እንዳይከለክላት ኸይረዲን ሄዶ ተነጋግሯል።

ቤት ገብተን ጨርቁን ፈታችው። ሳምቡሳ ነው፣ የጾም፣ አምስት ፍሬ። ትንሿ ሰሃን ናት፣ ለአንድ ሰው የሚቀርብባት። ጸሎት አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሁለቱን አንሥታ ወደ እኔ ገፋችልኝ።

"ብዪው" አልኳት። "የተላከው ላንቺ ነው።"